ዲን ቶማስ የጀርባ ጌጥ አይደለም፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ወር በሐዋሳ ባለው የልጆች የንባብ ክበባችን ውስጥ አንድ ባለ አራት ገጽ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ቆይቶ እኔም ዘንድ ደረሰ። ጽሑፉ የሚናገረው የአስማተኛ ልጆችን ትምህርት ቤት ታሪክ በሚተርኩት በሃሪ ፖተር ፊልሞች ውስጥ ከዋናዎቹ ልጆች ጀርባ ስለሚታየው ስለ ዲን ቶማስ ነው። ክበባችን ክረምቱ ሲያበቃ ልጆቹ ከታሪኩ የመረጧቸውን ጥቂት ትዕይንቶች ለወላጆቻቸው በመድረክ እንዲያሳዩ አስቧል፤ የጽሑፉ አቅራቢም የዲን ቶማስ ድርሻ ከዝግጅቱ እንዲወጣ ይጠይቃሉ። ምክንያታቸውን ባጭሩ ላስቀምጥ። ልጁ ከፊልሞቹ ቢወጣ የሚጎድል ነገር የለም ይላሉ፤ የገባውም ጥቁር ተማሪ አልነበረም እንዳይባል ብቻ ነው፤ በመጽሐፎቹም ቢሆን ከዚህ የተሻለ ሥራ አልተሰጠውም፤ የተጫወተውም ወጣት ከመቆም በቀር ያሳየው ችሎታ የለም፤ ስለዚህ ልጆቻችን ከዋናው ጀግና እንጂ «ከጀርባ ጌጥ» የሚማሩት ነገር አይኖርም።

አቅራቢው ለክበቡ ብዙ የደከሙ ሰው ናቸው፤ ጽሑፋቸውም በጥንቃቄ የተጻፈ ነው። ይሁን እንጂ ከአምስቱ ነጥቦች አራቱ ስሕተት ናቸው ብዬ አምናለሁ። አንዱ ከፊሉ እውነት ስለሆነ እውነቱን ተቀብዬ ከእውነቱ የወጣውን መደምደሚያ ብቻ እቃወማለሁ።

ከመጀመሪያው ልጀምር። አቅራቢው አንድን ገጸ ባሕርይ የሚመዝኑት ከታሪኩ ቢወጣ ሴራው ይፈርሳል ወይስ አይፈርስም በሚል ጥያቄ ነው። በዚህ ሚዛን ከሄድን በዘፈናችንም ተቀባይ አያስፈልግም ማለት ነው። ግጥሙን የሚያውቀው አውጪው ነው፤ ዜማውንም የሚመራው እሱ ነው፤ ተቀባዮቹ አንዲቱን አዝማች ከመመለስ ሌላ የሚጨምሩት ነገር የለም። ሆኖም ተቀባይ ያጣ አውጪ ብቻውን ሲያዜም የሰማ ሰው፣ የጎደለውን ነገር በስሙ መጥራት ባይችል እንኳ መጉደሉን ወዲያው ያውቀዋል። ሃሪ ፖተር ዝነኛ የሚሆነው የሚያዩት ዓይኖች ስላሉ ነው፤ የሚጠረጠረውም የሚጠራጠሩት የክፍል ጓደኞች ስላሉት ነው። እነዚያ ዓይኖች በየዓመቱ የማናውቃቸው ሰዎች ዓይኖች ቢሆኑ ኖሮ፣ ሆግዋርትስ ልጆች የሚያድጉበት ትምህርት ቤት መሆኑ ቀርቶ የተቀባ መጋረጃ ይሆንብን ነበር።

የሆግዋርትስ ተማሪዎች ከሚመደቡባቸው ቤቶች አንዱ በሆነው በግሪፊንዶር፣ ሃሪ በሚተኛበት ክፍል ውስጥ አምስት አልጋዎች አሉ፤ የሃሪ፣ የሮን፣ የኔቪል፣ የሼመስ እና የዲን። ዲንን የተጫወተው አልፍሬድ ኢኖክ በታኅሣሥ 1988 እ.ኤ.አ. የተወለደ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ፊልም በ2001 ሲወጣ 13 ዓመት ገና አልሞላውም ነበር፤ የመጨረሻው በ2011 ሲወጣ 22 ዓመቱ ነው። ከስምንቱ ፊልሞች በሰባቱ ውስጥ አለ። ተመልካች እነዚያ ዓመታት በእውነት ማለፋቸውን የሚያምነው የሃሪን ፊት ብቻ በማየት አይደለም፤ ከሃሪ ጀርባ ያለው ልጅ ድምፁ ሲጎረንን፣ ቁመቱ ሲመዘዝ፣ ትከሻው ሲሰፋ እያየም ጭምር ነው።

ይህን የምለው ከራሴ ተነሥቼ ነው። የመጀመሪያውን ፊልም ያየሁት ከቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ወደ ሐይቁ ከሚወርደው ጎዳና ገባ ብሎ በነበረ አንድ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ነው። ከመካከላችን እንግሊዝኛውን መከተል የሚችል ልጅ አልነበረም፤ ፊልሙም የአማርኛ ትርጉም አልነበረውም። ቋንቋውን የማያውቅ ተመልካች ንግግሩን መከተል ስለማይችል ፊት ይከተላል፤ ከሚናገረው እኩል ዝም ብሎ የሚያዳምጠውንም ያያል። ስሙን ሳናውቅ «ረጅሙ» ብለን የምንጠራው፣ አዲስ ፊልም በመጣ ቁጥርም አለ ወይስ የለም እያልን የምንፈልገው ልጅ ዲን ቶማስ ነበር። መልኩ ወደ እኛ የሚቀርብ ልጅ በዚያ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ከሌሎቹ ጋር ተቀምጦ ሲበላ ማየት በዚያ ዕድሜ ለእኛ ትልቅ ነገር ነበር። አቅራቢው ማንም ልብ አይለውም ብለው ጽፈዋል። እኛ ግን ልብ ብለነዋል።

ከፊሉ እውነት ነው ያልሁት ሁለተኛው ነጥብ ነው፤ ልጁ የገባው ለቁጥር ማሟያ ነው የሚለው። እውነቱን አስቀድሜ ልቀበል። ፊልሞቹ ለጥቁር ተማሪዎች የሰጡት ንግግር ጥቂት ነው፤ አብዛኛዎቹም ጠርዝ ላይ የቆሙ ናቸው። ከዚህም የባሰ አለ። ላቬንደር ብራውን የተባለችው ተማሪ ንግግር ባልነበራት ጊዜ፣ ቀደም ባሉት ፊልሞች ላይ፣ በጥቁር ልጆች ተወክላ ነበር፤ በስድስተኛው ፊልም የሮን ፍቅረኛ ሆና ድርሻዋ ሲሰፋ ግን ቦታው ለነጭ ተዋናይት ተሰጠ። ይህን እያወቅሁ የአቅራቢውን ቅሬታ መሠረት የለሽ ማለት አልችልም።

ነገር ግን ቅሬታው ፊልሞቹን በሠሩት ሰዎች ላይ መሆን ሲገባው በልጁ ላይ ወድቋል። ዲን ለቁጥር ሲባል ኋላ ላይ የተጨመረ ሰው አይደለም። በ1998 በወጣው የአሜሪካ እትም ውስጥ፣ አዲሶቹ ተማሪዎች በየቤታቸው በሚመደቡበት ምዕራፍ ላይ፣ ዲን ከሮን እንኳ የሚረዝም ጥቁር ልጅ መሆኑን የሚገልጽ ዐረፍተ ነገር አለ። (እኛ በቪዲዮ ቤት «ረጅሙ» ስንለው ይህን አላነበብንም ነበር።) ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ በወጣው የብሪታንያ እትም ላይ ግን ዐረፍተ ነገሩ የለም። ደራሲዋ ጄ. ኬ. ሮውሊንግ እንደገለጸችው፣ የብሪታንያው አርታዒ ምዕራፉ ረዝሟል በሚል ትርፍ የመሰለውን ሁሉ ሲቀንስ ይህም አብሮ ተቆርጧል። ለመጀመሪያው ፊልም ተዋንያን በሚመረጡበት ጊዜ ዲን ጥቁር የለንደን ልጅ መሆኑን ለዳይሬክተሩ ለክሪስ ኮሎምበስ የነገረችው እሷው ናት፤ ስለ አንድ የጠርዝ ገጸ ባሕርይ ያን ያህል ዝርዝር በማወቋም ሳይገርመው እንዳልቀረ ተናግራለች። እንግዲህ ነገሩ አቅራቢው ከሚሉት ተቃራኒ ነው፤ ልጁ ከመጀመሪያው ነበረ፤ የተደረገበትም መቀነስ ነው። ፊልሞቹ በቂ ድርሻ አልሰጡትም ብለን ካዘንን በኋላ የቀረችውን ድርሻ እኛው ብናወጣት፣ ያዘንንበትን ሥራ በገዛ እጃችን እንፈጽመዋለን።

አሁን ወደ ሦስተኛው ነጥብ እመጣለሁ፤ በመጽሐፎቹም ቢሆን ሥራ የለውም ወደሚለው። አቅራቢው ሰባቱን መጽሐፎች ሳያገላብጡ በፊልሞቹ ብቻ የፈረዱ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም የዲን ቶማስ ታሪክ ያለው አብዛኛው በመጽሐፎቹ ውስጥ ነው።

በመጀመሪያው መጽሐፍ ዲን የዌስትሃም እግር ኳስ ቡድን ፖስተር አለው። በአስማተኞች ዓለም በሥዕልና በፎቶግራፍ ላይ ያሉ ሰዎች ስለሚንቀሳቀሱ፣ ሮን ተጫዋቾቹ እንዲንቀሳቀሱ ፖስተሩን በጣቱ ሲቆሰቁስ ሃሪ ይደርስበታል። ይህች ትንሽ ክፍል ሁለት ዓለማት በአንድ መኝታ ክፍል ውስጥ መገናኘታቸውን ከብዙ ገጽ ማብራሪያ በተሻለ ታሳያለች። ቅዳሜና እሑድ የሐዋሳን የኳስ ማሳያ ቤቶች የሚያውቅ አንባቢ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር ያስተውላል። እኛ አርሴናልን ወይም ማንቸስተር ዩናይትድን የምንደግፈው በሩቅ ዝናቸው ስበውን ነው፤ የምሥራቅ ለንደኑን ዌስትሃምን የሚደግፍ የለንደን ልጅ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቡድኑን ያገኘው ከሰፈሩ ነው። ደራሲዋ በአንድ ፖስተር የልጁን የትውልድ አካባቢ ነግራናለች። በዚያው መጽሐፍ፣ በመጥረጊያ ላይ ሆነው በሚጫወቱት በክዊዲች ግጥሚያ ተቃራኒው ቡድን ሃሪን ጠልፎ ሊጥለው ሲል፣ ቀይ ካርድ ይሰጠው እያለ የሚጮኸው ዲን ነው፤ ይህ እግር ኳስ አይደለም ብሎ የሚያስታውሰው ደግሞ ሮን። ለዚያው ግጥሚያ የሮን አይጥ ባበላሸው አንሶላ ላይ ሃሪን የሚያበረታታ ጽሑፍ ሲዘጋጅ ከሥሩ የግሪፊንዶርን አንበሳ የሣለውም ዲን ነው፤ ሥዕል ይችላል።

በአምስተኛው መጽሐፍ አምብሪጅ የተባለችው መምህርት የቀድሞ መምህራቸውን ሉፒንን፣ ሙሉ ጨረቃ ስትወጣ ወደ ተኩላነት የሚለወጥ ሰው በመሆኑ፣ የሰው ግማሽ እያለች በክፍል ፊት ስታዋርደው፣ በቁጣ ተነሥቶ ካስተማሩን ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነበር ለማለት የሚጀምረው ዲን ነው። ንግግሩን አላስጨረሰችውም። መምህርት በምታስፈራበት ክፍል ውስጥ ስለሌለ ሰው ክብር መናገር ምን ያህል እንደሚከብድ ተማሪ የነበረ ሁሉ ያውቃል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን በሰባተኛው መጽሐፍ ውስጥ ያለው ነው፤ እሱንም ለመረዳት ስለ ዲን ቤተሰብ ማወቅ ያስፈልጋል። ዲን ያደገው አስማት ከሌላቸው ከእናቱና ከእንጀራ አባቱ ጋር፣ በእናቱ ከሚገናኛቸው ታናናሾቹ መካከል ነው። ወላጅ አባቱ ልጁ ገና ትንሽ ሳለ ቤተሰቡን ጥሎ ሄዷል። ደራሲዋ እንደገለጸችው አባትየው አስማተኛ ነበር፤ ሚስቱን ከአደጋ ለመጠበቅ ሲል ማንነቱን ሳይነግራት ኖረ፤ የታሪኩ ዋና ክፉ አስማተኛ የሆነው የቮልደሞርት ተከታዮች እንዲተባበራቸው ቢጠይቁት እንቢ በማለቱ ገደሉት። ልጁ አባቴ ከድቶን ሄደ እያለ ሲያድግ፣ አባቱ የሞተው ክፋትን አላገለግልም ብሎ ነበር። ዲን ይህን እውነት በትምህርት ዘመኑ እንዲደርስበት ታስቦ ነበር፤ ታሪኩም በሁለተኛው መጽሐፍ ረቂቅ ውስጥ ተጽፎ እንደነበረ፣ ነገር ግን ከዋናው መንገድ የሚያስወጣ ስለመሰላት እንደቆረጠችው ሮውሊንግ ተናግራለች። የዲንን ፍለጋ ለኔቪል ፍለጋ እንደሠዋችውም፣ ለዋናው ሴራ የኔቪል ይበልጥ አስፈላጊ ስለነበረ መሆኑን ጨምራ ገልጻለች። ይህን ውሳኔዋን አልነቅፍም፤ ኔቪል በመጨረሻው ጦርነት የቮልደሞርትን እባብ የሚገድል ሰው ነውና መንገዱ መጠረግ ነበረበት። አቅራቢው ግን ሥራ የለውም ያሉት ልጅ፣ የራሱ ሙሉ ታሪክ ተጽፎለት በቦታ ጥበት የተወሰደበት ልጅ መሆኑን ቢያውቁ ጽሑፋቸውን በሌላ መንገድ ይጀምሩት ነበር ብዬ አምናለሁ።

እዚህ ላይ የአማርኛ አንባቢ ከእንግሊዝ አንባቢ የተለየ ነገር የሚሰማው ይመስለኛል። በእኛ አገር ዲን ቶማስ ሲባል ዲን የቶማስ ልጅ ነው ብለን እንሰማለን። በእንግሊዞች ዘንድ ግን ቶማስ የቤተሰብ መጠሪያ ነው፤ የወላጅ አባቱ ስም በየትኛውም መጽሐፍ ውስጥ አልተጻፈም። እኔም ያደግሁት በእናቴና በእንጀራ አባቴ እጅ ነው። ትምህርት ቤት በተመዘገብሁ ቁጥር «ስም ከነአያት» የሚለው መስመር ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬን አንሥቼ እናቴን እመለከት ነበር፤ እናቴም የማላውቀውን ሰው ስም፣ ቀጥላም የማላውቀውን የአባቱን ስም ቀስ ብላ ትነግረኝ ነበር። ሐዋሳ ከየአቅጣጫው የመጡ ሰዎች የሚኖሩባት ከተማ ናት፤ «የማን ልጅ ነህ?» የሚለው ጥያቄ በየሰፈሩ በፍቅርም፣ በጨዋታም፣ አንዳንድ ጊዜም በሌላ ስሜት ይጠየቃል። መልሱን የሚያውቅ ሰው ጥያቄው ምን ያህል እንደሚከብድ አያስተውልም።

በሰባተኛው መጽሐፍ ይህ ጥያቄ በዲን ላይ የሞት ጥያቄ ይሆንበታል። የቮልደሞርት ሰዎች የአስማት ሚኒስቴርን ከያዙ በኋላ፣ ከወገኑ አንድ እንኳ አስማተኛ እንዳለው ማስረጃ የማያቀርብ ሰው አስማትን እንደ ሰረቀ ይቆጠራል። ዲን ማስረጃ የለውም። ስለዚህ በዚያ ዓመት ወደ ትምህርት ቤት አይመለስም፤ ሸሽቶ በጫካ ይሰደዳል፤ በመንገድም ቴድ ቶንክስ ከተባለ ሰውና ከሌሎች ስደተኞች ጋር ይገናኛል። ሃሪና ጓደኞቹ በድንኳናቸው ውስጥ ተደብቀው ሲያዳምጡ፣ አስማት ከሌላቸው ሰዎች ነው የተወለድኸው ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ይሰሙታል። ዲን እርግጠኛ እንዳልሆነ፣ አባቱ እናቱን ትቶ የሄደው እሱ ትንሽ ሳለ እንደሆነ፣ አስማተኛ ስለመሆኑም ማስረጃ እንደሌለው ይመልሳል። ሰባቱም መጽሐፎች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚከራከሩት ሰው በደሙ ይመዘናል ወይስ በሥራው በሚለው ጉዳይ ላይ ነው። ሌሎቹ ገጸ ባሕርያት በዚህ ክርክር ውስጥ የየራሳቸውን ወገን ያውቁታል፤ አስማት ከሌላቸው ሰዎች የተወለደችው የሃሪ ጓደኛ ሄርማየኒ ወላጆቿን ታውቃለች፤ በአስማተኛ ዘሩ የሚኮራው ተማሪ ማልፎይም እንዲሁ። የት እንደሚመደብ ራሱ ሳያውቅ የሚታደነው ዲን ነው። የአንባቢው ልብ የሚያዝነውም ስለሚያውቀው ነው፤ ማስረጃው ለማንም የማይደርስ መሆኑን፣ አባቱም እንቢ ብሎ የሞተ ሰው መሆኑን።

ከዚያም ስደተኞችን የሚያሳድዱ ሰዎች ይይዙትና ማልፎዮች ቤት ወደሚገኘው እስር ቤት ይወስዱታል። ዶቢ የተባለው ቀድሞ የቤት አገልጋይ የነበረው ትንሽ ፍጡር ገብቶ እስረኞቹን ያስወጣል፤ ዲንንም አስቀድሞ ከወጡት ጋር ወደ ባሕር ዳርቻው ቤት ያደርሰዋል፤ በመጨረሻም ዶቢ ራሱ በተወረወረበት ቢላ ቆስሎ ይሞታል። ሃሪ መቃብሩን ያለ አስማት፣ በጉልበቱ ለመቆፈር ይወስናል። በዚያን ጊዜ አካፋ ይዘው ወደ ጉድጓዱ የሚገቡት ሁለት ሰዎች ሮንና ዲን ናቸው፤ ሳይነጋገሩ አብረውት ይቆፍራሉ። ከዚያ ሮን ጫማውንና ካልሲውን አውልቆ ለዶቢ ያለብሰዋል፤ ዲን ደግሞ የሱፍ ቆብ ያወጣል፤ ሃሪም ቆቡን በዶቢ ራስ ላይ ያጠልቀዋል። በዚያ ዓለም ለቤት አገልጋይ ልብስ መስጠት ነፃ ማውጣት ነው፤ ዶቢም ነፃ የወጣው በአንድ ካልሲ ነበር። ዲን በስደት ወራት ከእጁ ብዙ ነገር የጠፋበት፣ የአስማት በትሩ እንኳ የተወሰደበት ልጅ ነው፤ ከቀረው ነገር ላይ ያዳነውን ሊያለብስ ሰጠ።

በእኛ ዘንድ ለቀብር አካፋ ይዞ የመጣን ጎረቤት ሟችን ስንት ዓመት ታውቀዋለህ ብሎ የሚጠይቅ የለም። በእድር ያደግን ሰዎች ይህን ትዕይንት ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገንም።

አሁን ወደ ፊልሞቹ እንመለስና የአቅራቢውን ፍርድ ምንጭ እንፈልግ። ዲን ከስምንቱ ፊልሞች በሰባቱ አለ ብያለሁ። የሌለበት አንዱ ፊልም የትኛው ነው? በ2010 የወጣው ሰባተኛው ፊልም ነው፤ ስደቱ፣ እስሩና የዶቢ ቀብር ያሉበት። በሌሎቹ ሁሉ ከጀርባ ቆሞ የጠበቀው ልጅ የራሱ ጊዜ በደረሰበት ፊልም ላይ ቀረ፤ ድርሻው ጠቅላላ ተቆረጠ። አንድን ተማሪ በፈተናው ቀን ከክፍል አስወጥቶ ምንም አልሠራም ማለት ይህን ይመስላል። በመጨረሻው ፊልም እንደገና ይታያል፤ ነገር ግን ከየት እንደመጣ፣ ምን እንዳሳለፈ የሚናገር ቃል የለም። በመጽሐፉ በመጨረሻው ጦርነት በትር አግኝቶ ዶሎሆቭ ከተባለው አስፈሪ ሰው ጋር ፊት ለፊት ሲገጥም እናየዋለን።

አራተኛው ነጥብ ረጅም መልስ አይሻም። ተዋናዩ ችሎታ አላሳየም ለተባለው፣ ችሎታ የሚታየው ድርሻ ሲሰጥ ነው። አልፍሬድ ኢኖክ ከፊልሞቹ ጎን ለጎን በኦክስፎርድ ስፓኒሽና ፖርቱጋልኛ አጥንቷል፤ ከ2014 ጀምሮ በአንድ የአሜሪካ የቴሌቪዥን ድራማ ከዋና ተዋንያን አንዱ ነበር፤ በ2021 በለንደኑ የግሎብ ቲያትር ሮሚዮን ሆኖ ተጫውቷል። አሥር ዓመት ከጀርባ የቆመው ልጅ መሐል መድረክ ላይ መቆም ይችል እንደነበር ይህ ይበቃል። በፊልሞቹ ላይ ሳለም ቢሆን፣ ካሜራው ሃሪን ሲያይ ከኋላ ሆኖ በትክክል ማዳመጥ ትወና መሆኑን ክበባችን ልጆችን ሲያለማምድ ያየ ሰው ይመሰክራል። ለልጅ ከሁሉ የሚከብደው ሌላው ሲናገር ከገጸ ባሕርዩ ሳይወጡ መቆየት ነው።

አምስተኛው ነጥብ ልጆቻችንን የሚመለከት ስለሆነ ዝም ብዬ ላልፈው አልችልም። ልጆች መማር ያለባቸው ከዋናው ጀግና ነው ተብሏል። በክበባችን 23 ልጆች አሉ፤ ሃሪን የሚሆነው አንድ ነው። ቀሪዎቹ 22 በዚያ ቀን መድረክ ላይ ምን እየሆኑ እንደሆነ ማወቅ አለባቸው። የሃሪ ፈተና በግንባሩ ላይ ጠባሳ ተደርጎለት የተወለደ ያህል የታወቀ ፈተና ነው፤ ከሁሉም ልጅ ላይ አይደርስም። የዲን ፈተና ግን ከየቤታችን ልጆች ላይ ይደርሳል።

አንዱን ብቻ ላንሣ። በአምስተኛው መጽሐፍ መጀመሪያ ላይ ጋዜጣው ሃሪን ውሸታም እያለ ይጽፋል። የዲን የቅርብ ጓደኛ ሼመስ እናቱ ያን ጋዜጣ አምናለችና፣ ማታ መኝታ ክፍል ውስጥ ከሃሪ ጋር ይጣላል። ዲን በመካከል ተይዟል። ወላጆቹ አስማት የሌላቸው ስለሆኑ በሆግዋርትስ ስለደረሰው ሞት ምንም እንደማያውቁ፣ እሱም ሊነግራቸው ያህል ሞኝ እንዳልሆነ ይናገራል፤ ቢያውቁ አይልኩትማ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሃሪ የሚያስተምረው ምስጢራዊ ቡድን ሲመሠረት ዲን ይመጣል፤ ሼመስ አይመጣም። ዲን ለዚህ ብሎ ከሼመስ አልተለያየም፤ ሼመስን ላለማስከፋት ብሎም ከስብሰባው አልቀረም። በመጨረሻ ሼመስ ራሱ ወደ ቡድኑ ይመጣል። ጓደኛው የተሳሳተ ሲመስለው ሳይጣላውና ሳይከተለው መቆየትን የሚያውቅ አዋቂ እንኳ ጥቂት ነው። ይህን የሚያስተምር ትዕይንት የጀርባ ጌጥ ነው ብዬ ለልጆቹ ልነግራቸው አልችልም።

ስለዚህ አቅራቢው የጠየቁት ማውጣት እንዳይፈጸም፣ ይልቁንም ፊልሙ የተወው የቀብር ትዕይንት በመጽሐፉ እንዳለ በዝግጅታችን እንዲገባ እጠይቃለሁ። ንግግር የለበትም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ቃል ማጥናት የሚከብዳቸው ልጆችም ይችሉታል። የሚያስፈልገው ሦስት አካፋና አንድ የሱፍ ቆብ ነው። አካፋዎቹን ከሰፈራችን እድር እንዲያውሱን ተነጋግሬያለሁ፤ ቆቡን እናቴ ጀምራዋለች።